ታሪክን 60 ተማሪ ባለበት ክፍል፦ ኖት ከማስገልበጥ እንዴት እንውጣ?

ጠመኔ ያዥ (ተሁለደሬ)

ሰላም ለሁላችሁ የሙያ አጋሮች። የማስተምረው 9ኛ ክፍል ታሪክ ነው፤ ዘንድሮ የ10ኛ ክፍል ዜግነት ተደርቧል። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ፣ በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት፣ መጽሐፍ ለሦስት አንድ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግማሹ ጊዜ በትርጉም ያልቃል። ሰሌዳ ላይ ኖት ካልተጻፈ «ቲቸር ዛሬ አልተማርንም» ይላሉ። ጥያቄ ሲጠየቅ እጅ የሚያወጡት ከፊት ዴስክ አራት ልጆች ናቸው፤ ሌላው ደወል ይጠብቃል።

እንግዲህ ወሎ ላይ ሆኖ ታሪክ ሲሰለች ያሳዝናል። ረሃቡ፣ የቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ፣ ንጉሥ ሚካኤል፣ ሁሉም እዚሁ ደጃችን ነው። ችግሩ እነዚሁ ርዕሶች መሆናቸው ነው። አንዱ ያስለቅሳል፣ አንዱ ሃይማኖት ይነካል። በዜግነቱ ክፍለ ጊዜ ደግሞ ስለ አረብ አገር ጉዞ ሲነሳ ግማሹ ክፍል እህት ወይም አክስት እዚያ ስላለው ዝም ይላል። ክፍል ውስጥ የሠራ፣ ዝርዝር ያለው ነገር ብትጠቁሙኝ። «ተማሪ ተኮር ይሁን» የሚለውን ከሱፐርቫይዘር ሰምቻለሁ፣ ይበቃኛል።

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ወንድሜ፣ «ስለ ረሃቡ ምን ታስባላችሁ?» የሚል ጥያቄ ያንኑ አራት ልጅ ነው የሚያስነሳው። ቆጥረው የሚመልሱት ጥያቄ ስጣቸው። ለ1965–66ቱ ረሃብ ጥያቄው ይኼ ይሁን፦ ገበያው ላይ እህል እያለ ገበሬው ለምን ተራበ? ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሰን ይህንኑ የወሎን ረሃብ መርምሮ እንዳገኘው፣ ሰው በሚያልቅበት ወቅት የደሴ የእህል ዋጋ እንደሚጠበቀው አልናረም ነበር፤ ጭራሽ ከወሎ ወደ አዲስ አበባ የወጣ እህልም ነበር። ገበሬው ምርቱ ሲጠፋ የሚበላውም የሚሸጠውም አብሮ ጠፋ። አፋሩ ደግሞ የበጋ ግጦሹን የአዋሽ ሸለቆ የንግድ እርሻዎች ወስደውበት ነበር፤ ከብቱ ሲከሳና ሁሉም ሊሸጥ ሲወጣ ዋጋው ወደቀ።

ይህን ብታጽፋቸው ይጽፉታል፣ አይገባቸውም። በጨዋታ አሳያቸው። የሚያስፈልግህ 110 ጠጠር፣ 50 የብር ቁራጭ (ከአሮጌ ደብተር የተቀደደ ወረቀት)፣ 6 «ፍየል» የተጻፈበት ወረቀትና ባልዲ ነው። በባቄላ ወይም በበቆሎ እንዳትሠራው፤ ርዕሱ ረሃብ ሆኖ እህል መሬት ላይ ሲረገጥ ነውር ነው፣ ነገሩ ቤት ድረስ ይሄዳል።

60ውን ልጅ በ10 ቡድን ክፈል። የፊተኛው ዴስክ ወደ ኋላ ዞሮ ከኋለኛው ጋር ስድስት ይሆናል፤ ዴስክ ማንቀሳቀስ አያስፈልግም። አራት ቡድን ጭሰኛ፣ ሁለት ቡድን አርብቶ አደር፣ ከዚያ አንድ አንድ ቡድን ሸማኔ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ባለርስት፣ ነጋዴ። እያንዳንዱ ቡድን በየዙሩ 6 ጠጠር «መብላት» አለበት፤ የተበላው ወደ ባልዲው ይገባል። አንድ ጠጠር ሁልጊዜ 1 ብር ነው። ይህን ዋጋ እስከ ሁለተኛው ዙር መጨረሻ ማንም አይነካም፤ የትምህርቱ ጉልበት ያለው እዚያ ላይ ነው።

አንደኛ ዙር፣ ደግ ዘመን። ለጭሰኛ 12 ጠጠር ስጥ፤ 4ቱን ለባለርስቱ ይገብራል፣ 6 ይበላል፣ 2 ለነጋዴው ይሸጣል። አርብቶ አደር 3 ፍየል ይዞ ይጀምራል፤ አንዷን ለነጋዴው በ6 ብር ሽጦ 6 ጠጠር ይገዛል። ሸማኔው 8 ብር፣ የመንግሥት ሠራተኛው 10 ብር ያገኛሉ፤ ሁለቱም 6 ጠጠር ይገዛሉ፣ ትርፉን ያስቀምጣሉ። ነጋዴው 60 ጠጠርና 20 ብር ይዞ ይነሳል። ሁሉም ጠግቦ ያድራል።

ሁለተኛ ዙር፣ ዝናብ ቀረ። ጭሰኛ 4 ጠጠር ብቻ ያመርታል፣ ባለርስቱ ግን 1 ይወስዳል። ፍየል 2 ብር ሆነች። ጨርቅ የሚገዛ ስለሌለ ሸማኔው 1 ብር ብቻ ያገኛል። የሠራተኛው ደመወዝ ያው 10 ነው። ሁሉም ያለውን ሽጦ ይግዛ፤ ከዚያ የጎደለውን ሰሌዳ ላይ አስጽፍ። ሒሳቡ እንዲህ ይወጣል፦ ጭሰኞቹ እያንዳንዳቸው 1፣ አርብቶ አደሮቹ 2 2፣ ሸማኔው 3፤ በድምሩ 11 ጠጠር ጎደለ። ነጋዴው ዘንድ 7፣ ባለርስቱ ዘንድ 8 ተርፏል፤ 15። እዚህ ላይ ዝም በልና ራሳቸው ይደምሩት። ከኋላ ዴስክ «እህሉማ አለ!» የሚል ድምፅ ይመጣል።

ቀጥሎ ለነጋዴው ብቻ፣ አዲስ አበባ አንድ ጠጠር በ2 ብር የሚገዛ እንዳለ ንገረው። ምን እንደሚያደርግ ክፍሉ ይይ።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች አሉ። ሁሉም ተነስቶ ገበያ ከወጣ ክፍሉ ይናወጣል፤ ከየቡድኑ አንድ መልእክተኛ ብቻ ይንቀሳቀስ። «እናንተ ሞታችኋል» የሚባል ቡድን አይኑር፤ የሚመዘገበው የጎደለ ጠጠር ብቻ ነው። በአንድ ክፍለ ጊዜ ለመጨረስ አትሞክር፦ በመጀመሪያው ቀን ድልድሉና አንደኛው ዙር፣ በሁለተኛው ቀን ሁለተኛው ዙርና ውይይቱ። ቁጥሮቹ ለጨዋታ የተፈጠሩ እንደሆኑም ንገራቸው፤ ካልነገርካቸው ፈተና ላይ «በ1965 ገበሬ 4 ጠጠር አመረተ» የሚል መልስ ታነባለህ።

መምህርት ከሐይቅ

ከላይ የተጻፈው ጥሩ መነሻ ነው፤ ተከታዩ ሥራ ከቤት መምጣት አለበት። የ1977ቱን፣ አንዳንዶች የ66ቱንም ያዩ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። ሆኖም መምህር፣ 60ውንም ልጅ «አያታችሁን ጠይቃችሁ ኑ» ብለው አይላኩ። 60 ወረቀት ይመጣል፣ 50ው የተገለባበጠ ይሆናል፣ እርስዎም አያነቡትም። ከየቡድኑ ሁለት ልጅ አንድ ሰው ያነጋግር፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይጽፋል። በጠቅላላው የ10 ሰው ምስክርነት ቃል ነው፣ ይበቃል።

ጥያቄው ከአምስት አይብለጥ፣ ክፍል ውስጥ ይዘጋጅ። «ረሃቡ ከባድ ነበር?» ዓይነቱን ያስወጡት፤ መልሱ «አዎን ልጄ» ብቻ ነው። የሚሠሩት እነዚህ ናቸው፦ መጀመሪያ የሸጣችሁት ምን ነበር? ቀጥሎስ? ከቤት የወጣ ሰው ወዴት ሄደ? እህል ከማን አገኛችሁ? ዝናቡ ሲመለስ ለዘር የሚሆን ከየት መጣ? የሽያጩ ቅደም ተከተል (ፍየል፣ በሬ፣ የቤት ዕቃ) ከጨዋታው ጋር በቀጥታ ይገጥማል። «ስንት ሰው ሞተብዎት?» ጨርሶ አይጠየቅም። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ራሳቸው ካነሱት ልጁ ያዳምጣል፣ አይጽፍም። ካለቀሱ ወረቀቱ ይታጠፋል፣ ቡናው ይጠጣል፣ በቃ።

ዓመተ ምሕረት መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም፤ ሁለቱ ረሃቦች በሰው ትዝታ ውስጥ ይቀላቀላሉ። በምልክት ይለዩት። የመሬት አዋጁ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ስለሆነ «ከመሬት አዋጁ በፊት ነው በኋላ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አብዛኛውን ያጠራል። ባለርስትና ጃንሆይ ከተነሱ 66 ነው። ኮረም መጠለያ፣ ሠፈራ፣ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦር ከተነሱ 77 እና 78 ነው።

የሚጽፈው ልጅ ገጹን በሦስት ይክፈል፦ ያዩት፣ ከሌላ የሰሙት፣ የሚያምኑት። «መንግሥት ደብቆ ነው» የሚለው ሦስተኛው ውስጥ ይገባል፤ «ወንድሜ በመኪና ተጭኖ ሄደ» የሚለው መጀመሪያው ውስጥ። ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት ቃል አጣምረው የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን ያስምሩ። ልዩነት ሲገኝ ተማሪ «አንዱ ዋሽቷል» ይላል፤ እዚያ ላይ ቸኩለው አያርሙት። ሁለቱ ሰዎች የት ነበሩ? በስንት ዓመታቸው? ደጋ ወይስ ቆላ? ብለው ይጠይቁት።

ጨዋነቱን አይርሱት። ጥያቄ ከመጀመሩ በፊት ልጁ ከየትኛው ትምህርት ቤት እንደመጣና ለምን እንደሚጠይቅ ይናገር፣ በስልክ የሚቀዳ ከሆነ አስቀድሞ ያስፈቅድ። ዓርብ ቀትር፣ እሑድ ጠዋትና የገበያ ቀን አይኬድም። የቅሬ (የእድር) ዳኛ ወይም ጸሐፊ ካስተዋወቀ በር ቶሎ ይከፈታል።

አንድ ሌላ ነገር፣ የዘመን አቆጣጠሩ። መጽሐፉ 1984 ይላል፣ አያት 77 ይላሉ፤ ልጁ ሁለት የተለያየ ረሃብ ይመስለዋል። ግድግዳ ላይ 5 ሜትር ሲባጎ ይዘርጉ፤ ከ1870 እስከ 1970 ዓ.ም. አንድ ዓመት 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ለ77 ግማሽ ሜትር ይጨምሩ። ከላይ የእኛ፣ ከታች የፈረንጁ ይንጠልጠል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ አካባቢ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 መደመሩን በሁለት ምሳሌ ያሳዩ፦ ጣሊያን ደሴን በቦምብ የደበደበው ኅዳር 26 ቀን 1928 ሲሆን ፈረንጁ ዲሴምበር 6 ቀን 1935 ይለዋል፤ የመሬት አዋጁ ግን ማርች 4 ቀን 1975 ነው። ይህ ሲባጎ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)

ቦሩ ሜዳን መዝለል የሚመርጥ መምህር ብዙ ነው። ቢዘለል ልጆቹ ከቲክቶክ ይማሩታል፤ እዚያ ደግሞ መምህር የለም።

የሚያቃጥለው ክርክር ሲደረግ ነው። «ውሳኔው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም?» ብለው ክፍሉን ለሁለት ከከፈሉት በአምስት ደቂቃ ውስጥ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ይሆናል። ሙስሊም ተማሪን ስለ ሙስሊም፣ ክርስቲያኑን ስለ ክርስቲያን እንዲናገር መጠየቅም ያው ነው፤ ልጁ ለሃይማኖቱ ጠበቃ እንዲቆም አልተመዘገበም። ጥምቀቱን በድራማ ማሠራትማ ጨርሶ አይታሰብም።

የሚሠራው መንገድ አንድ ቤተሰብን መከተል ነው። በ1870 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ባሉበት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤውን አደረጉ። በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ስለ ክርስቶስ ልደት የነበረው ክርክር ለተዋሕዶ ተወሰነ፤ የወሎ ሙስሊም መኳንንትም እንዲጠመቁ ተደረገ። መሐመድ አሊ ሚካኤል ተባለ፣ ክርስትና አባቱ ዮሐንስ። አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባለ፣ ክርስትና አባቱ ምኒልክ። እንቢ ያሉም ነበሩ፤ ሼኽ ጦልሃ ተነስተው ተዋግተዋል። ራስ ሚካኤል በ1888 አድዋ ዘመቱ፣ በ1906 ንጉሠ ወሎ ወትግሬ ተብለው ነገሡ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ሲሻሩ ከተከሰሱበት አንዱ ከሙስሊሞች ጋር ያላቸው ቅርበት ነበር፤ አባትየው ለልጃቸው ተሰልፈው ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፉ።

እነዚህን በአምስት ካርድ ይጻፉ፦ ጥምቀቱ፣ የሼኽ ጦልሃ አመፅ፣ አድዋ፣ ንግሡ፣ ሰገሌ። ሁለት ሁለት ቡድን አንድ ዓይነት ካርድ ይያዝ። ለሁሉም ጥያቄው አንድ ነው፦ ሰውየው በዚህ ጊዜ ምን አማራጭ ነበረው? ምን አገኘ? ምን ከፈለ? ስምንት ደቂቃ ይነጋገሩ፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ልጆቹ ስለ ሥልጣን፣ ስለ ግብር፣ ስለ ጋብቻ ማውራት ይጀምራሉ፤ «የኛና የነሱ» የሚለው ይላላል። ወሎ ውስጥ አንድ ዘመድ ቤት ሁለቱም ሃይማኖት መኖሩ ብርቅ ስላልሆነ፣ ለማን እንደሚፈርዱ ሲቸገሩ ታያላችሁ። መቸገራቸው ጥሩ ነው። ደሴ ከተማ ያላችሁ ደግሞ የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽ በእግር የሚደረስ ነው፤ ከካርዶቹ በኋላ ይኬድ፣ በፊት ከተኬደ ሽርሽር ይሆናል።

ስለ 2014ቱ ጦርነት አልጠየቁም፣ ግን ልጆቹ ራሳቸው ያመጡታል። ማንንም «ቤታችሁ ምን ደረሰ?» ብለው ክፍል ፊት አያስነሱ። መናገር የፈለገ ስም በሌለው ወረቀት ይጻፍ፤ ወረቀቱን እርስዎ ብቻ ያንብቡ፣ ከባድ ነገር ካለበት ለትምህርት ቤቱ አማካሪ። በክፍል ደረጃ የሚያዘው ጥያቄ «ወሬ እንዴት ተሰራጨ? የቱ እውነት ሆኖ ተገኘ?» የሚለው ነው፣ እሱም ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ።

ላስታ

ሁሉም መልካም፤ ፖርሽን ማን ይጨርሳል? እንዲህ ያለውን ትልቅ ሥራ በሴሚስተር አንድ ጊዜ አድርጉ። ስለ ቦሩ ሜዳ ደግሞ ከቦርከና ጋር አልስማማም፦ መምህሩ ለክፍሉ አዲስ ከሆነ በመጀመሪያው ሴሚስተር አይነካው። ልጆቹ ሳያምኑት ካርዱም አያድነውም።

ለሌላው ቀን 40 ደቂቃውን እንዲህ መክፈል ይቻላል። 5 ደቂቃ ስድስት የእንግሊዝኛ ቃል ከነፍቺው፣ ከስድስት አይብለጥ። 10 ደቂቃ ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ ብቻ፤ አንዱ ያነባል፣ ሁለቱ ይሰማሉ። 12 ደቂቃ ውይይት በአማርኛ። 8 ደቂቃ ሦስት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ፤ ኖታቸው ይኸው ነው፣ «አልተማርንም» አይሉም። በቀረው 5 ደቂቃ አንብበው ይተራረሙ። የሚያቀርበውን ልጅ ቡድኑ አይምረጥ፤ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ስጣቸውና መጨረሻ ላይ ዕጣ አውጣ። ካላወጣህ በአንድ ለአምስቱ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ።

ፈተናው ምርጫ ነው ብለህ ከሰጋህ፣ በሳምንት አንድ ቀን እያንዳንዱ ቡድን አንድ የምርጫ ጥያቄ ያውጣ። ትክክለኛውን መልስ መጻፍ ቀላል ነው። ማርኩ ያለው ሦስቱ የተሳሳቱት ምርጫዎች ላይ ይሁን፦ ሰው የሚያሳስቱ መሆን አለባቸው፣ ለምን ስህተት እንደሆኑም በአንድ መስመር ይብራራ። «ሰገሌ የተደረገው በ1888 ነው» ብሎ የጻፈ ቡድን ከአድዋ ጋር የሚያምታታ ሰው እንዳለ ገብቶታል።

ጠመኔ ያዥ (ተሁለደሬ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ የአረብ አገሩ ጉዳይ። ሁለተኛ፣ በጨዋታው ነጋዴው ቡድን አዝኖ ጠጠሩን በነፃ ቢያድልስ? የኛ ልጆች ይህን ማድረጋቸው አይቀርም።

መምህርት ከሐይቅ

ለመጀመሪያው፦ «መሄድ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» አይበሉ፤ እህቷ በምትልከው ብር የምትማር ልጅ ክፍሉ ውስጥ አለች። ሒሳብ ያድርጉት። በወረቀት ላይ አራት መስመር፦ ከመነሻ እስከ መድረሻ የሚወጣ ወጪ፣ ከዚያ ውስጥ የተበደሩት፣ በውሉ ላይ ያለው ወርሃዊ ደመወዝ፣ በየወሩ ቤት የሚደርሰው። ብድሩ ለአምስተኛው ወር ያልቃል ወይስ ለአሥራ አምስተኛው? ሁለት ዓምድ ይኑረው፤ አንዱ ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ፣ አንዱ በደላላ በጅቡቲና በየመን በኩል። ለሁለተኛው ዓምድ አንድ መስመር ይጨመር፦ ችግር ቢመጣ ለማን ይደወላል? ቁጥሩን ልጆቹ ከሰፈር ያጠያይቁ፣ ግን ከራሳቸው ቤተሰብ አይሁን፣ የማንም ስም አይጻፍ። የደላላ ስም ክፍል ውስጥ ከተነሳ ወዲያው ያስቁሙ፤ የደላላው ልጅ እዚያው ሊቀመጥ ይችላል። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከ150 ሺህ በላይ ሰው መመለሱን ሲያስተምሩ ከሠፈራው ጋር ያያይዙት፦ ከወሎ ሰው የወጣው መቼ መቼ ነው፣ በማን ውሳኔ?

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)

ነጋዴው ቢያድል አትከልክለው። ሰሌዳው ላይ «በነፃ የተሰጠ» የሚል ሌላ ዓምድ ክፈትና የተሰጠውን ጻፍ። ከዚያ ነጋዴውን ጠይቀው፦ የተራቡትን ስላየሃቸው ነው የሰጠኸው? አዲስ አበባ ሆነህ ባታያቸውስ? ይህ ወደ 1966 ይወስድሃል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ከወሎ የቀረፀውን የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያሳየው በዚያ ዓመት ጥቅምት ነበር፤ ያው ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ግን ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 በወረዱበት ዋዜማ ነው። በመካከሉ አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ቡድኖቹ በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ማን ያውቅ እንደነበር፣ ማን መናገር ይችል እንደነበርና ማን እንዳልተናገረ በሦስት ዓምድ ይጻፉ። የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በየትኛው ዓምድ እንደሚገቡ ይከራከሩ፤ ረሃቡን ለማጋለጥና እርዳታ ለማሰባሰብ ተንቀሳቅሰው ነበርና። ይህን ለሦስተኛ ቀን ያዘው፣ ከሁለተኛው ጋር ካጨናነቅከው ደወሉ ይቀድምሃል።